ለብ ያለ ውሃ በማሳ ዳር

በእኛ ቀበሌ ሰው ማሳ የሚገባው እግሩን ታጥቦ ነው። ድሮ እንግዳ ቤት ሲገባ ነበር አሉ እግሩ የሚታጠበው። አሁን ቤት በፈለገው እግር ይገባል፤ ማሳ ግን አይገባም። በየማሳው ዳር አንድ በርጩማ፣ አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ ማስታጠቢያ ተቀምጧል። እንግዳው «ኧረ እኔው ልታጠብ» ይላል፣ ባለማሳው «በፍጹም! ምን ሲባል!» ይላል፤ በዚህ ግብግብ ስንት ሰው ሥራ ይፈታል።

ደንቡ የወጣው ሰው በእግሩ ያልተመዘገበ ባክቴሪያ ከማሳ ማሳ እንዳያዞር ነው። ውሃውም ተራ ውሃ መሆን የለበትም። መራራው ውሃ የሚባል አለ፤ ከእርሻ ጣቢያው በሰማያዊ ጀሪካን ይታደላል፤ የነካውን ባክቴሪያ ሁሉ ይገድላል፣ ተረከዝም ይሰነጥቃል።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ምንጃርን አያውቁም። እዚህ አገር በእንግዳ እግር ላይ የሚያቃጥል ውሃ የሚያፈስ ሰው የለም። ይሉኝታ ይገድለዋል። ስለዚህ ሰማያዊው ጀሪካን በበርጩማው አጠገብ ለወጉ ይቆማል፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ግን ለብ ያለ የጉድጓድ ውሃ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። እኔ የማውቀው በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እግሬን ስለምታጠብ ነው።

ስንዱ እባላለሁ፤ ሥራዬ ሥር ማንበብ ነው። ከማሳ ማሳ እየዞርኩ አንድ አንድ የሽምብራ ተክል ነቅዬ ሥሩን አጥቤ አያለሁ። ጤናማ ሥር ላይ ምስር የሚያካክሉ ቋጠሮዎች ይበቅላሉ፤ ባክቴሪያው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ከአየሩ ማዳበሪያ ይሠራል፣ ለተክሉ ያበላዋል፣ ተክሉም በተራው ስኳር ይሰጠዋል። ቋጠሮውን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራው እየተሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ እንጂ ባለቤቱ የለም። ከዚያ መርፌዬን ሥሩ ላይ እሰካለሁ፤ መርፌው የባክቴሪያውን ስም በሴት ድምፅ ይናገራል። መሬቱ በየዓመቱ ከክረምት በፊት በእንፋሎት መኪና እየተቀቀለ፣ በመስከረም ጣቢያው በላከው ባክቴሪያ የተለወሰ ዘር ይዘራበታልና ስሙ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ያችው ሴት ያንኑ ትላለች። «ሠላሳ ሁለት።»

ሠላሳ ሁለት ግን ደክሟል። ለምን እንደደከመ ጣቢያው አይናገርም፤ ሥሮቹ ግን አይቀበሉትም። ማሳዎቻችን ከዓመት ዓመት ቢጫ እየሆኑ ነው። አንድ ማሳ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቢጫ ከሆነ እንዲያርፍ ይደረጋል። ማረፍ ማለት ጥቁር ላስቲክ ለብሶ አሥር ዓመት መተኛት ነው። ከመንገዱ ማዶ እንዲህ የተኙ ማሳዎች አሉ፤ ሲነፍስ ይንኮሻኮሻሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከተማ ገብተዋል።

እትዬ ማንያህልሻል ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር።

ማንያህልሻል ስትናገር ከሁለት ማሳ በላይ የምትሰማ፣ ስትስቅ ደግሞ ከሦስት በላይ የምትሰማ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን በዚያች ማሳ አሳድጋ፣ ባለፈው ክረምት ዳረችው። ከወሰኗ ቦይ ማዶ ያለው ማሳ የጋሽ አጥናፉ ነው። ጋሽ አጥናፉ በቀበሌው ደንብ የሚያከብር ብቸኛው ሰው ነው። ሁልጊዜ ቦቲ ጫማ ያደርጋል፤ እንግዳም ሆነ ቄስ፣ የማንንም እግር የሚያጥበው በመራራው ውሃ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉታል በስተኋላው። ሁለቱ በመካከላቸው ባለችው ቦይ የተነሳ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ቦይዋ ወደ ማን ማሳ ጠጋ እንዳለች እግዜር ይወቀው። አንዱ ለአንዱ የሚናገረው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። እኔ መሀላቸው ስቆም ስልክ እሆናለሁ።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ጠዋት በማንያህልሻል ማሳ ዳር በርጩማው ላይ ተቀምጬ፣ እሷ እግሬን እያጠበችኝ፣ ቀና ብዬ ሳይ ከበርጩማው ሥር ጀምሮ ማሳው ውስጥ በመጀመሪያዋ ቦይ ግራና ቀኝ ያለው ሽምብራ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጥቁር አረንጓዴ! ሌላው ማሳ እንዳለ የወባ በሽተኛ መስሏል፤ ይሄ ግን እንደ ጎመን ይንጨፈረራል። እግሬን ሳላደርቅ ዘልዬ ተነሳሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እኔም አንቺን ልጠይቅ ነበር፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ማርያምን ምንም አላፈሰስኩም!»

«ማዳበሪያ አልጣልሽም?»

«ከየት አምጥቼ? ንቀይው፣ ንቀይና እዪው እስቲ!»

ነቀልኩት። ሥሩን በማንቆርቆሪያው ውሃ አጠብኩት። ሥሩ በቋጠሮ ተሸፍኗል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ባቄላ የሚያህል ሆኗል። በስልጠና ጊዜ በሥዕል ካሳዩን በቀር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ሮዝ አይደለም፤ ከሮዝም አልፎ ቀልቷል። ጣቴ ላይ ቀላ ያለ ውሃ ቀረ።

«ደም አለው!» ብላ ጮኸች ማንያህልሻል። «ስንዱዬ፣ ደም አለው እኮ!»

«ደም ነው ማለት ይቻላል» አልኩ። እውነቴን ነው፤ የሚያቀላው ነገር የደማችን ዘመድ ነው። ከዚያ መርፌውን ሰካሁ።

የመርፌው ሴት ዝም አለች። እሷ ዝም ብላ አታውቅም። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ያልታወቀ» አለች። እኔ ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ሳላውቅ፣ ያችው ሴት በዚያው በማይሞቅ በማይበርድ ድምጿ ቀጠለች። «ወራሪ ሊሆን ይችላል። ለጣቢያው ተልኳል። የእንፋሎት መኪናው በሚቀጥለው ሐሙስ ይደርሳል።»

ማንያህልሻል በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ሲጠፋ አየሁ። ቢጫ ሆኖ ቢቀር ማሳው ያርፋል፤ አረንጓዴ በመሆኑ ደግሞ ይቀቀላል፤ በየትም በኩል የእሷ አይሆንም። አንጀቴን በላችኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሐዘኔ ይልቅ ጉጉቴ ይበልጥ ነበር። ይሄ ነገር ከየት መጣ?

«እትዬ፣ የዘራሽ ቀን ምን ሠራችሁ?»

«ምን እንሠራለን፣ ዘራን እንጂ!»

«ከመዝራታችሁ በፊትስ?»

«ከመዝራታችን በፊትማ የልጄን ቤት ስንመርግ ነው ያረፈድነው። ደቦ ጠርቼ፣ ያ ሁሉ ሰው ጭቃ ሲያቦካ...» አለችና ቆመች። «ጭቃውማ ከጎታው ነው።»

የሆነው ይህ ነው። የተቀቀለ አፈር ጭቃ አይወጣውም፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይረግፋል። ስለዚህ ቤት የሚመርግ ሰው አሮጌ ጭቃ ፈልጎ ነው የሚያቦካው። ማንያህልሻል ጓዳ ውስጥ ደግሞ አማቷ የሠራችው የእህል ጎታ ነበር፤ እንፋሎት የሚባል ነገር ወደ ምንጃር ከመምጣቱ በፊት፣ ከዚያችው ማሳ ከወጣ ጥቁር መረሬ አፈር የተሠራ። ያልተተኮሰ፣ ፀሐይ ብቻ ያደረቀው ጭቃ። ያን ጎታ በመዶሻ ከሰከሱት፣ ውሃ አፈሰሱበት፣ ደቦው እንዳለ ገብቶ እየጨፈረ ረገጠው። ግድግዳው ተመርጎ ሲያልቅ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እንዳለ ሊዘሩ ወደ ማሳው መጡ። ማንያህልሻልም ሁሉንም በተራ በበርጩማዋ ላይ አስቀምጣ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ እጣቢውን በመጀመሪያዋ ቦይ ደፋችው።

መራራውን ውሃ ተጠቅማ ቢሆን ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር።

«አማቴ በሕይወት ሳለች እንዲህ ጠቅማኝ አታውቅም» አለች ማንያህልሻል፤ ድምጿም ተመለሰ።

በማግስቱ የመንደሩን ሰው ጠራሁ። ሁሉም እግራቸውን ታጥበው ገቡ። ከቢጫው በኩል አንድ ተክል መርጬ መርፌውን ሌሊቱን ሥሩ ላይ ተክዬው ነበር፤ ከአረንጓዴው ሥር የወሰድኩትን አንድ እፍኝ አፈርም በውሃ በጥብጬ አጠጥቼዋለሁ። የማንያህልሻልን ነጠላ በሁለት እንጨት ወጥረን መርፌው በጫፉ ዓይን አይቶ የቀረጸውን በብርሃን በላዩ ላይ ጥዬ አሳየኋቸው።

በመጀመሪያ የሚታየው የሥር ፀጉር ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ጎን የወጣ ቀጭን፣ ጠራ ያለ ክር። የተራበ ሥር ዝም አይልም። አንድ ዓይነት ላብ ያወጣል፤ ላቡ በአፈሩ ውሃ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጥሪው ያ ነው። ሠላሳ ሁለት ያን ጥሪ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ከጀመረ ሰንብቷል። ከጨርቁ ጥግ አንድ ነጥብ ብቅ አለች።

«መጣች!» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ታስደነብራታለህ!» አለችው ሚስቱ።

ነጥቧ ወዲያ ወዲህ ትቅበዘበዛለች፤ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዞራ ትሸተዋለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ክሩ ዋኘች። ሌላ ተከተላት። ከዚያ ሌላ። ጎረምሶቹ ኳስ እንደሚያይ ሰው ይጮኻሉ፤ አንዷ ወደ ጎን ስትስት «ኧረ በዚህ! በዚህ በኩል!» ይሏታል። በክሩ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ተጣበቁ። አሁን ነው እንግዲህ፤ እኔም በስልጠና ተነግሮኝ በዓይኔ ያላየሁት። የሥሩ ፀጉር ጫፍ መታጠፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ጠቀለላቸውና ወደ ውስጥ አስገባቸው።

ከዚያ ማንያህልሻል እልል አለች፤ እልልታውም ከማሳ ማሳ ተቀባበለ።

«አያችሁት?» አለች እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ሥሩም እንግዳ ሲቀበል ጎንበስ ይላል።»

ከቦይዋ ማዶ ጋሽ አጥናፉ ቆሞ ነበር። ነጠላው ከዚያ በኩል በግልባጩ እንደሚታየው አውቃለሁ። ቦቲውን አላወለቀም፤ ወደ እኛም አልመጣም፤ ግን አልሄደም።

ሰው ደስታው ሲበርድለት ሐሙስ ትዝ አለው። ያን ጊዜ የምሠራበትን ሕግ ነገርኳቸው፤ ለብዙ ዓመት ጥቅም ሳይኖረው ይዤው የኖርኩትን። ያልታወቀ ባክቴሪያ በአንድ ማሳ ብቻ ከተገኘ ወራሪ ነው፤ ይቀቀላል። በቀበሌው ካሉት የሽምብራ ማሳዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ከተገኘ ግን ነባር ይባላል። ነባር አይቀቀልም፣ ነባር የያዘ ማሳም አያርፍም፤ ሰዎች መጥተው ያጠኑታል። ይህን የጻፈው ሰው ምን አስቦ እንደጻፈው አላውቅም። ምናልባት የእንፋሎት መኪናው ነዳጅ አሳስቦት ይሆናል፤ ብቻ እግዜር ይስጠው።

«ታዲያ ወስደን በየማሳችን እንበትነው!» አለ አንዱ።

«አፈር ከማሳ ማሳ ማጓጓዝ ክልክል ነው» አልኩ። «የተጓጓዘበት ማሳ እንደገና ይቀቀላል።»

ማንያህልሻል እያሰበች እግሯን ተመለከተች።

«መጠያየቅስ?» አለች። «ጎረቤት ሄዶ ማሳ ማየት ክልክል ነው?»

«አይደለም።»

«የመጣን እንግዳ እግር ማጠብስ?»

«እሱማ ግዴታ ነው።»

«እጣቢውን ቦይ ውስጥ መድፋትስ?»

ሳቄ ቀደመኝ። ሰውም ገባው። አንዱ እየሳቀ በጀርባው ወደ ቢጫው ሽምብራ ወደቀ።

የዚያን ሳምንት የእኛን ቀበሌ ያየ ሰው የዓመት በዓል መስሎት ይሆናል። ማለዳ ሁሉም ወደ ማንያህልሻል ማሳ ይመጣል፤ እንግዳ ነውና እግሩን ታጥቦ ይገባል፤ በአረንጓዴዋ ቦይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየዳከረ ሽምብራውን ያደንቃል። «ወይ ሽምብራ! ወይ ሽምብራ!» ከዚያ ያንኑ ጭቃ እንደያዘ ጎረቤቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። ጎረቤቱ «ምነው ጠፋህ!» ብሎ በርጩማው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለብ ባለ ውሃ ያጥበዋል፤ እጣቢውን በሽምብራው ሥር ይደፋዋል። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ሦስተኛውን ሊጠይቁ ይነሳሉ። ለዓመታት ያልተጠያየቁ ሰዎች ተጠያየቁ። ሁለት ዋርሳዎች ታረቁ። አንድ ሽማግሌ በአንድ ቀን እግራቸው ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሳ «ከተጠመቅኩ ወዲህ እንዲህ ነጽቼ አላውቅም» አሉ። ማንያህልሻል ራሷ ከሁሉ ይልቅ ዞረች፤ በባዶ እግሯ፣ ከማሳ ማሳ፣ ውሃና ጭቃ እየተፈራረቀባት።

እኔም ሥራዬን ሠራሁ። መርፌዬን ይዤ ተከትያቸው እዞራለሁ። የተራቡት ሥሮች ጥሪያቸው ኃይለኛ ነውና አብዛኛዎቹ በአንድ ሌሊት ይቀበላሉ። ያችው ሴት በየማሳው «ያልታወቀ» ስትል ልቤ ይዘላል። ዓይኔ እያየ ባክቴሪያው በሰው እግር ምንጃርን ይወርሳል፤ ደስታዬን ደብቄ በማይሞቅ በማይበርድ ፊት እመዘግባለሁ፤ መንግሥት የሚከፍለኝ ለዚያ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመርፌው ሴት አዲስ ነገር ተናገረች። «ግማሽ» አለች። ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። አንድ ማሳ ይቀራል። ከቀሩት ውስጥ ሌሎቹ ባለቤቶቻቸው ከተማ ያሉ፣ በርጩማቸው የተገለበጠ ማሳዎች ናቸው፤ ሰው በሌለበት ማን ማንን ያጥባል? በአካባቢው ባለቤት ያለው ማሳ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጋሽ አጥናፉ ሳምንቱን ሙሉ ማንንም አልጠየቀም፤ ሊጠይቁት የመጡትንም ደንቡ እንደሚያዘው በመራራው ውሃ አጥቧቸዋል። ከሰማያዊው ጀሪካን ያለፈ ነገር አይተርፍም። ያን ቀን እኔን ሲያጥበኝም ተረከዜን አቃጠለኝ። የእሱም ሽምብራ ቢጫ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመቱ።

ከማሳው ልወጣ ስል ማንያህልሻል ቦይዋን ተሻግራ መጣች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቋል። ከስንት ዓመት በኋላ ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ስንዱ፣ እንግዳ መጥቻለሁ በይው» አለች።

ጋሽ አጥናፉ ከእሷ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። «ስንዱ፣ ማሳዬ ለእንግዳ ክፍት ነው በያት። ውሃው ግን ደንቡ ያዘዘው ነው።»

«ሰምቻለሁ በይው። ቁጭ ብያለሁ።»

ሰማያዊውን ጀሪካን አነሳና ማንቆርቆሪያውን ሞላ። ልለምነው ፈለግሁ፤ ግን እኔ የጣቢያው ሰው ነኝ፤ ደንቡን የሚያከብርን ሰው «ጣሰው» ብዬ ብለምን ምን ሊለኝ ነው?

«ነገ ማሳዋ ሊቀቀል ዛሬ እኔ ዘንድ ምን ፈለገች በያት» አለ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጎንበስ እያለ።

ማንያህልሻል ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ማድረግ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

«ነገ እኔን ቢቀቅሉኝም አንድ ቦታ እንዲተርፍ ነው በይው። በሚቀጥለው ዓመት ላስቲኩ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ከኔ ማሳ ቢጠፋ ከሱ ማሳ እንዲቀር ነው በይው። ቦይዋንም ይውሰዳት።»

አላልኩትም፤ ሰምቷል። እጁ በአየር ላይ ቀረ። የማንያህልሻልን እግር አየ። ሳምንት ሙሉ ጭቃና ውሃ የተፈራረቀበት ተረከዝ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ ሥጋው ይታያል። በዚያ ላይ መራራ ውሃ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት የራሱንም እግር የሚያጥበው በዚያው ነው።

ከዚያ ቀና ብሎ የማንቆርቆሪያውን ውሃ ወደ መንገዱ ደፋው።

«ስንዱ» አለ። «ሂጂ ቤት ግቢና ውሃ አሙቂ። ብዙ እንዳይሞቅ። ለብ ያለ።»

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ስመለስ ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው። ጋሽ አጥናፉ ተንበረከከና እግሯን በማስታጠቢያው ውስጥ አስቀመጠ። ውሃውን በቀስታ አፈሰሰ፤ በአውራ ጣቱ ከስንጥቁ ውስጥ ጭቃውን አወጣ፤ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ጨርሶ ሲነሳ ማስታጠቢያው ጥቁር መረሬ ሞልቶት ነበር። ቦይ ውስጥ አልደፋውም። በእፍኙ እየዘገነ ከአንዱ ሽምብራ ሥር ወደ አንዱ አጠጣው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

ሐሙስ ጠዋት የእንፋሎት መኪናው መጣ። ትልቅ ነው፤ ገና ሳይደርስ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ሹፌሩ ቢተው የሚባል ደግ ሰው ነው፤ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ቱቦውን ወደ ማንያህልሻል ማሳ መዘርጋት ጀመረ። የቀበሌው ሰው በቦይዋ ዳር ተሰልፏል። እኔ ከማዶ፣ ጋሽ አጥናፉ ማሳ ውስጥ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር።

የመጀመሪያውን ተክል ነቅዬ መርፌውን ሰካሁ። «ሠላሳ ሁለት» አለች ሴትዮዋ። ሁለተኛውን ነቀልኩ። «ሠላሳ ሁለት።» ከኋላዬ የቱቦው መጋጠሚያ ሲዘጋ ይሰማኛል። ጋሽ አጥናፉ በላዬ ቆሞ ነበር። «ያኛውን» አለኝ በጣቱ እያሳየ። «ያኛውን ሁለት ጊዜ አጠጥቼዋለሁ።»

ነቀልኩት። ሰካሁ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ያን ዝምታዋን በዚህ ሳምንት ወድጄዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሊገድለኝ ነበር።

«ያልታወቀ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል በዚያው በማይሞቅ በማይበርድ ድምጿ ተናገረች።

«ነባር። አይነካ።»

ጮኼ ተነሳሁ። «ነባር! ነባር ነው! ቢተው፣ ዝጋው! አይነካ ብላለች!» ሰው አልሰማኝም፤ እልልታው ዋጠኝ። ማንያህልሻል በማሳዋ መሀል እየዘለለች ነበር። ቢተው የራሱን ስልክ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወጣና ሞተሩን አጠፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንጃር ውስጥ ያ መኪና ሳይቀቅል ሲቆም አየን። ሁላችንም ተቃቅፈን እናለቅሳለን፤ ጣቢያው በቅጥር ውሌ ውስጥ ስለዚህ የጻፈው ነገር ስለሌለ እኔም አለቀስኩ።

ጋሽ አጥናፉ ቦይዋን ተሻገረ። ቀስ ብሎ፣ ቦይዋ ወንዝ ይመስል። በማንያህልሻል በርጩማ ላይ ተቀመጠና ቦቲውን ማውለቅ ጀመረ። አንደኛው እምቢ አለው፤ ቢተው ጎትቶ አወጣለት። ሲወልቅ ሁላችንም አየነው፤ የሱም ተረከዝ እንደ ደረቀ መረሬ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ማንያህልሻል ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከፊቱ ቆመች። ወደ እኔ ዞር አለች፤ በእኔ በኩል የሚልከው መልእክት ያለ መስሏት።

«ማንያህልሻል» አላት እሱ። በእኔ በኩል አይደለም፤ በቀጥታ። «ለብ ይበል እንግዲህ። እንዳያቃጥለኝ።»